የዶርዜ ጥለት በሕግ ዓይን

ከአርባ ምንጭ ወደ ጨንቻ የሚወጣው ጠመዝማዛ መንገድ የሸማኔዎቹ መንደር ዶርዜ ያደርሳል። ሸማኔው እግሩን ወደ ጉድጓዱ ሰድዶ ይቀመጣል፤ መርገጫውን ሲረግጥ ድሩ ይከፈታል፣ መወርወሪያው ማጉን ይዞ ያልፋል፣ ጥለቱም ክር በክር ይወጣል። ጥጡን የሚፈትሉት ሴቶች ናቸው። አዲስ አበባ ሽሮ ሜዳ ያለው የሸማ ገበያም በአብዛኛው የነዚህ ሰዎች ልጆች ያቆሙት ነው።

ታዲያ ያው ጥለት በማሽን ታትሞ በርካሽ ሲቸበቸብ ሸማኔው ምን ይበል? አቤት ቢል ሕጉ መልሶ የሚጠይቀው «አዲስ ነው ወይ?» ብሎ ነው።

ጥያቄው ሌላውንም ዓለም ያከራክራል። የስፖርት ዕቃ አምራቹ ስፓልዲንግ እ.ኤ.አ. በ2001 መንፊያው ከውስጡ የተገጠመለት የቅርጫት ኳስ ለገበያ አቅርቧል። ኳሱም መንፊያውም ነባር ነው፤ በእንዲህ ያለ ዕቃ ላይ የሚነሳው የፓተንት ሙግት ሁለቱን ማጣመር ማንም ባለሙያ የሚደርስበት ነው ወይስ እውነተኛ ፈጠራ የሚል ነው።

በአገራችን በ1987 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 123 ለኢንዱስትሪ ንድፍ ቀለል ያለ መስፈርት አስቀምጧል። የንድፉ ዋና ዋና መለያዎች በድምሩ ሲታዩ፣ ማመልከቻው ከመግባቱ ከአንድ ዓመት በላይ አስቀድሞ ለሕዝብ ያልተገለጡ መሆን አለባቸው። ጥበቃው 5 ዓመት ነው፤ ሊታደስም ይችላል። ነባር ጥለቶችን በአዲስ መልክ ያቀናጀ ሸማኔ እንግዲህ በሩ ተከፍቶለታል። ሆኖም ሸማው ገበያ ከወጣ ጀምሮ ጊዜው ይቆጠራል፤ ኑሮውን በየሳምንቱ ገበያ ለሚገፋ ሰው ዓመት ሩቅ አይደለም። ቀይ፣ ቢጫና ጥቁሩ የዱንጉዛ ጥለትማ ከአባት የወረደ ስለሆነ በዚህ መስፈርት አዲስ ሊባል አይችልም።

ይሁን እንጂ መስፈርቱን ማማረር ብቻ አይገባም። እ.ኤ.አ. በ2018 የሄግ ፍርድ ቤት በጤፍ ዱቄት ላይ አንድ የኔዘርላንድስ ኩባንያ የያዘውን ፓተንት በአገሩ ውድቅ ያደረገው ፈጠራ የሚባል ነገር ስላላገኘበት ነው። የዶርዜንም ጥለት ባዕድ መጥቶ በስሙ እንዳያስመዘግብ የሚያግደው ይኸው «አዲስ ነው ወይ?» የሚለው ጥያቄ ነው።

እኔ የማምነው ከንድፉ ይልቅ ስሙን መጠበቅ እንደሚበጅ ነው። ኢትዮጵያ የቡና ስሞቿን ሲዳሞን፣ ሐረርንና ይርጋጨፌን በንግድ ምልክትነት ይዛ ተሟግታ፣ እ.ኤ.አ. በ2007 ከቡና ሻጩ ኩባንያ ስታርባክስ ጋር ተስማምታለች። የ1998ቱ አዋጅ ቁጥር 501ም የወል የንግድ ምልክትን ይፈቅዳል። «ዶርዜ» የሚለው ምልክት በእጅ በተሸመነ ሸማ ላይ ብቻ የሚለጠፍ ቢሆን፣ ማሽኑ ጥለቱን ቢቀዳ እንኳ ስሙን መውሰድ አይችልም። ለዚህም ከጨንቻ እስከ ሽሮ ሜዳ ያሉትን ሸማኔዎችና ፈታዮች ያቀፈ፣ ሥራው የእጅ መሆኑን መርምሮ ምልክቱን የሚሰጥና የሚነሳ ማኅበር ያስፈልጋል። የአካባቢው ዞን አስተዳደርና የአእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን ሸማኔው ቢሮ እስኪመጣ ሳይጠብቁ ጨንቻ ድረስ ወጥተው ቅጹን አብረውት ቢሞሉ ሥራው ይጀመራል።