ከዐለት ወደ ነሰብ፦ የቤላ ሻንጉልን አገሮች በስማቸው ስለ ማወቅ

በአዲስ አበባ ሰሜን ምዕራብ ሸጎሌ የሚባል ሰፈር አለ። የታክሲ ረዳቶች ስሙን በየቀኑ ይጣሩታል፤ ከየት እንደ መጣ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። ቃሉ «ሼኽ ኾጀሌ» የሚለው ስም በከተማው ሰው አንደበት እየተደጋገመ የደረሰበት ቅርጽ ነው። ሼኽ ኾጀሌ አል-ሐሰን የአቆልዲ፣ ማለትም የዛሬው አሶሳና የአካባቢው፣ ገዥ ነበሩ፤ በዋና ከተማው የነበራቸው መኖሪያ ለሰፈሩ ስማቸውን ትቶለታል። በካርቱም ባሕሪ ደግሞ ሒላት ኾጀሊ የሚባል ሰፈር ይገኛል። ያኛው የተሰየመው በፉንጅ ዘመን በ18ኛው ምዕተ ዓመት በኖሩት ወሊይ በኾጀሊ ኢብን ዐብዱራሕማን ነው። ታሪካቸውም ሙሐመድ አን-ኑር ወድ ደይፈላህ ባሰባሰቡት «ጠበቃት» በተሰኘው የሱዳን ዑለማእና አውሊያእ መዝገብ ውስጥ ይገኛል። ሁለት ዋና ከተሞች በአንድ ስም የሚጠሩ ሁለት ሰፈሮች አሏቸው ማለት ነው። በሁለቱ መካከል ያለው አገር ግን ከሁለቱም ወገን በቅጡ አልታወቀም።

የኢትዮጵያ እስልምና ጥናት እስከ ዛሬ ያተኮረው በወሎ፣ በሐረር፣ በጅማና በባሌ ላይ ነው። የምዕራቡ ጠረፍ ሲነሣ ብዙውን ጊዜ «ድንበር» በሚል አንድ ቃል ይታለፋል። የዚህ ጽሑፍ ሐሳብ ግን ዛሬ በአንድ ክልል ስም የምንጠራው ምድር ብዙ አገር እንደ ነበረ፣ አገሮቹን ለይቶ ማወቅም የዕውቀት ጉጉት ብቻ ሳይሆን በአንድ ወቅት የሰውን ነጻነት የሚወስን ጉዳይ እንደ ነበረ ማሳየት ነው። (በተለየ ካልተገለጸ በቀር ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ከስሙ እንጀምር። በበርታ ቋንቋ «ቤላ» ማለት ድንጋይ ወይም ዐለት ነው። ቤላ ሻንጉል የሻንጉል ዐለት፣ በበርታዎች ዘንድ የተከበረ ድንጋይ ስም ነበር። ዐረብኛ ተናጋሪው ነጋዴና ፈኪ ይህን ሲሰማ በጆሮው የገባው «በኒ»፣ ማለትም «የእገሌ ልጆች» የሚለው ቃል ነው። በዐረቦች ልማድ ሕዝብ የሚታወቀው በአባቱ ስም ስለ ሆነ፣ ስሙ «በኒ ሻንጉል» ሆነ፤ አማርኛም በዚሁ መንገድ «ቤኒሻንጉል» ብሎ ተቀበለው። የ1995ቱ የፌዴራል ሕገ መንግሥት በ47ኛው አንቀጹ የዘረዘረው የክልል ስምም ይኸው ነው። ሻንጉል የሚባል አባት ግን አልነበረም። ዐለቱ በስም ለውጥ አባት ሆነ፤ የቦታ ስም ወደ ነሰብ ስም ተለወጠ። ይህ የአነጋገር ስሕተት ብቻ ቢሆን ኖሮ ባላነሣሁት ነበር።

በ19ኛው ምዕተ ዓመት መጨረሻ ከዓባይ በስተ ደቡብ ሦስት ሼኽነቶች እናገኛለን። በአቆልዲ ሼኽ ኾጀሌ አል-ሐሰን፣ በቤላ ሻንጉል ሼኽ ዐብዱራሕማን ኾጀሌ፣ በኾሞሻ ደግሞ ሼኽ ሙሐመድ ወድ መሕሙድ ይገዙ ነበር። የአቆልዲው የዛሬውን አሶሳን ይይዛል፤ የቤላ ሻንጉሉ በመንጌ በኩል ነው፤ የኾሞሻው ስም በሆሞሻ ወረዳ ላይ ዛሬም ይነበባል። ሦስቱ አንዱ የሌላውን የበላይነት የማይቀበል፣ አንዳንዴ በጋብቻ የሚተሳሰሩ፣ አንዳንዴም የሚዋጉ ነበሩ። ከዓባይ በስተ ሰሜን ጉባ ነበረ፤ ሐምዳን አቡ ሾክ የገዛው፣ ትዝታው ከፉንጅ ነገሥታት ጋር የተያያዘ ሌላ አገር። የሕዳሴው ግድብ የተሠራበት ወረዳ ስለ ሆነ የጉባ ስም አሁን በኢትዮጵያ የማያውቀው የለም፤ የቀድሞ ገዥውን ስም የሚያውቀው ግን ጥቂት ነው። ከነዚህ ሁሉ ውጭ ደግሞ ሼኽም ንጉሥም ያላቆሙ ሕዝቦች፣ ጉሙዝ፣ ማኦና ኮሞ፣ በቆላውና በጫካው ይኖሩ ነበር። የደጋው ሰው ሁሉንም «ሻንቅላ» በሚል የስድብ ቃል ጠቅልሎ ይጠራቸው ስለ ነበር በመካከላቸው ያለውን ልዩነት የሚያይበት ዐይን አልነበረውም።

ይህን ምድር ሁልጊዜ ከውጭ የሚጠራው ወርቅ ነው። የፉንጅ ሱልጣኔት (1504–1821) ከሰናር ሆኖ በፋዙግሊ በኩል የወርቁን መንገድ ይዞ ነበር። ወርቅ ከወንዝ አሸዋ እየታጠበ ይወጣል፤ ይህ ሥራ እስከ ዛሬ በአብዛኛው በሴቶች እጅ ነው። ጨው ከውጭ ይመጣል፣ ወርቅ ይሄዳል፤ የአገሩን ታሪክ በስፋት ያጠኑት ጣሊያናዊው አለሳንድሮ ትሪዩልዚ በ1981 ለታተመው መጽሐፋቸው ጨውንና ወርቅን በርእስነት የመረጡት ያለ ምክንያት አይደለም። የግብጹ ሙሐመድ ዐሊ ሠራዊት ሰናርን በያዘ ማግስት፣ በ1822፣ ልጁ ኢስማዒል ፓሻ ወርቅና ባሪያ ፍለጋ እስከ በርታ ተራሮች ዘልቋል። አብሮት የተጓዘው ፈረንሳዊ ፍሬደሪክ ካዮ የአገሩን የመጀመሪያ ዝርዝር መግለጫ ለአውሮፓ አቅርቧል። ሙሐመድ ዐሊ ራሱም በ1838 መጨረሻ ገደማ በስተርጅና ዘመኑ እስከ ፋዙግሊ ተጉዟል፤ የወርቁ መጠን ግን ከጠበቀው በእጅጉ አነሰ። ቀጥሎ በ1880ዎቹ የማህዲያ ሠራዊት መጣ። በ1898 ደግሞ በዐፄ ምኒልክ ትእዛዝ ራስ መኰንን ዘምተው ሦስቱን ሼኽነቶች ለአዲስ አበባ አስገበሩ። በግንቦት 1902 በምኒልክና በእንግሊዝ መካከል የተፈረመው የድንበር ውል፣ በተከታዩም ዓመት ሻለቃ ቻርልስ ግዊን በምድር ላይ ያሰመረው መስመር፣ አገሩን ከሱዳን ለየው። ኩርሙክ የሚባል ከተማ ዛሬ በድንበሩ ግራና ቀኝ ሁለት ጊዜ የሚገኘው በዚህ ምክንያት ነው።

በዚህ ሁሉ ጊዜ ከሰናርና ከዶንጎላ በኩል ጀላባዎችና ፈኪዎች ይመጡ፣ የበርታ አለቆችን ሴት ልጆች ያገቡ፣ ልጆቻቸውም በእናታቸው የርስት መብት፣ በአባታቸው የዐረብ ነሰብ ይዘው ያድጉ ነበር። እነዚህ ልጆች ናቸው ሼኽነቶቹን ያቆሙት። ሰዉ «ወጣዊጥ» ይላቸዋል፤ በዐረብኛ «የሌሊት ወፎች» ማለት ነው። ከወፍም ከአይጥም ያልሆነ ፍጡር፤ ከዐረብም ከበርታም ሙሉ በሙሉ ያልሆነ ሰው። ስያሜው ፌዝ አለበት፤ ሆኖም የአገሩን የማኅበራዊ ደረጃ ምሥጢር ከማንኛውም ሰነድ በተሻለ ያጠቃልለዋል ብዬ አምናለሁ። «ቤላ» ወደ «በኒ» የተለወጠው በዚሁ እጅ ነው፤ ዐለት የነበረው አባት ሆነ፣ አባት ያለውም ሰው ከሌለው ተለየ።

ልዩነቱም ዋጋ ነበረው። ነሰብ ያለው ሰው ነጋዴ ነው፤ ነሰብ የሌለው ሸቀጥ። በቤላ ሻንጉል የነበረውን የባሪያ ንግድ ታሪክ ጸሐፊው አብዱስሰመድ አሕመድ በዝርዝር አጥንተውታል፤ በንግዱ የሼኽ ኾጀሌ እጅ እንደ ነበረበት፣ ባለቤታቸው ሲት አምና ደግሞ ባሮችን ወደ ሱዳን በማሻገር ዋና ሚና እንደ ነበራት የዘመኑ የእንግሊዝ አስተዳደር ሰነዶች ይመሰክራሉ። ተጠቂዎቹ በርታ፣ ጉሙዝ፣ ማኦና ኮሞ ናቸው። ለአዲስ አበባ ቤተ መንግሥት ከሚሄደው ግብር ጋርም ሰው ይሄድ ነበር፤ ስለዚህ ነገሩን የጠረፍ ሼኾች ኃጢአት ብቻ አድርጎ ማቅረብ ደጋውን ያለ አግባብ ነጻ ማውጣት ነው። በሌላ በኩል «ሌሎችም አድርገውታል» ማለት ለእኛ፣ ለዑለማው ወገን፣ መልስ አይሆንም።

መልሱን ከራሳችን ቅርስ እንፈልግ። የቲምቡክቱው ማሊኪ ዓሊም አሕመድ ባባ (1556–1627) ከቱዋት ነዋሪዎች ስለ ባሪያ ንግድ ተጠይቀው በ1615 «ሚዕራጁስ ሱዑድ» በመባል የሚታወቀውን መልሳቸውን ጻፉ። እርሳቸው ራሳቸው በሞሮኮ ወራሪዎች ተይዘው ወደ መራኪሽ በግዞት የተወሰዱ ሰው ነበሩ። መልሳቸው በሁለት እግር የቆመ ነው። አንደኛ፣ ጥቁረትም ሆነ ዘር ለባርነት ምክንያት አይሆንም፤ በዘመናቸው ፊቅህ ብቸኛው መነሻ ኩፍር ነው። ሁለተኛ፣ ገዥ ሁሉ የተገዛው ሰው ከየትኛው አገር እንደ መጣ ማወቅ አለበት። ስለዚህም አገሮቹን በስም ዘረዘሩ፤ ቦርኑ፣ ካኖ፣ ካትሲናና ሶንጋይ የሙስሊም አገሮች ናቸው፤ ሞሲና ሌሎች ደግሞ አይደሉም እያሉ። ዛሬ ይህ ዝርዝር ያስጨንቀናል፤ ሊያስጨንቀንም ይገባል፤ ምክንያቱም ከዝርዝሩ ውጭ የቀረውን ሰው ያለ ጠበቃ ይተወዋልና። ግን አንድ ነገር ያስተምራል፤ የጂኦግራፊ ድንቁርና በሸሪዓ ሚዛን ንጹሕ ድንቁርና አይደለም። ለቤላ ሻንጉል እንዲህ ያለ ዝርዝር የጻፈ ዓሊም አላገኘሁም። ማንም በስም ስላልለያቸው የበርታ ተራሮች ሁሉ በገበያው ላይ አንድ ሆኑ፤ ብዙዎቹ በርታዎች በሰለሙበት ዘመን እንኳ ከተራራ የመጣ ሰው መስለሙ ሳይጠየቅ ይሸጥ ነበር። በሱረቱል ሑጁራት 13ኛው አንቀጽ ሕዝብና ጎሳ የመሆን ዓላማ መተዋወቅ መሆኑን ስናስተምር፣ መተዋወቅ የቀረበት ቦታ ምን እንደ ደረሰ አብረን ማስተማር ይኖርብናል።

ሼኽ ኾጀሌ ከ1898ቱ ዘመቻ በኋላ በአዲስ አበባ ለዓመታት በእስር ቆይተው፣ ኋላ በመንግሥት ፈቃድ ወደ አገራቸው ተመልሰው ከሦስቱ ሼኾች የበለጠ ኃይል አገኙ፤ በ1938 አረፉ። ባርነት በኢትዮጵያ በሕግ ፈጽሞ የተከለከለው በ1942 ነው። የሸጎሌን ስም ስንጠራ ግቢውን ያስገነባውን ወርቅ ማን እንዳጠበው ማስታወስ የታሪክ ጸሐፊው ግዴታ ነው።

ፈኪው ያመጣው ግን ነሰብ ብቻ አልነበረም። «ፈኪ» የሚለው ቃል ራሱ የ«ፈቂህ» የሱዳን አጠራር ነው፤ ማስተማሪያው «ኸልዋ» ይባላል፤ ልጆች በእንጨት ሎሕ ላይ ቁርኣንን ይጽፋሉ፣ ሲሐፍዙ ያጥባሉ፣ እንደገና ይጽፋሉ። ፊቅሁም ማሊኪ ነው፤ የአል-አኽደሪ መግቢያና የኢብኑ አቢ ዘይድ አል-ቀይረዋኒ «ሪሳላ» ከቀይረዋን እስከ ሰናር የዘረጉት መንገድ ወደ በርታ ምድርም ይደርሳል። ከጠሪቃዎችም ቲጃኒያ ጎልቶ ይታያል። ከቦርኑ ምድር መነሻ ያላቸው አል-ፈኪ አሕመድ ዑመር ሱዳንን አቋርጠው ወደ ምዕራብ ኢትዮጵያ መጥተው ብዙ ተከታይ አፍርተው በ1953 አርፈዋል፤ ያአ የሚገኘው መቃብራቸው ከጅማ ጭምር ዚያራ የሚመጣበት ነው። የአሕመድ ባባ ዝርዝር በሙስሊምነት ከመዘገባቸው አገሮች አንዱ ቦርኑ መሆኑን ልብ ይሏል።

በ1980ዎቹ ሌላ ጎርፍ መጣ፤ ከድርቁ በኋላ ከወሎ በሺሕ የሚቆጠሩ ቤተሰቦች በአሶሳ አካባቢ ሰፈሩ። ብዙዎቹ ሙስሊሞች ናቸው፤ መንዙማቸውን፣ ሻፊዒና ሐነፊ መዝሀባቸውን ይዘው መጡ። በ2007ቱ የሕዝብ ቆጠራ ክልሉ ከ784 ሺሕ በላይ ሕዝብ ሲኖረው፣ ከመቶ 45 ያህሉ ሙስሊም ሆኖ ተመዝግቧል፤ ይህ ቁጥር ግን ከሰናር የመጣውንና ከወሎ የመጣውን እስልምና አይለይም። መስጊድ ውስጥ የሚለያቸው የእጅ አቀማመጥ ነው። ማሊኪው በሶላት እጁን ያወርዳል፤ ሰድል ይባላል፣ በ«ሙደወና» ውስጥ ኢብኑል ቃሲም ከኢማም ማሊክ ያስተላለፉት አቋም ነው። የወሎው እጁን ያጥፋል። አንድ ጊዜ በአሶሳ ከዐስር ሶላት በኋላ፣ ከመድረሳ የተመለሰ ወጣት አንድ በርታ ሽማግሌን «አባባ፣ ሶላትዎ ጉድለት አለበት» ሲላቸው ሰማሁ። ሽማግሌው አልተቆጡም። «አባቴ እንዲህ ሰገደ፣ የእርሱም ፈኪ እንዲህ ሰገደ» ብለው ጫማቸውን ፈለጉ። ወጣቱ የተማረበትን መጽሐፍ ጠንቅቆ ያውቃል፤ ሽማግሌው የመጡበትን አገር ግን አያውቅም። ሽማግሌውም የሚመልሱለት ማስረጃ በኢማም ማሊክ ስም ተመዝግቦ እንደሚገኝ የነገራቸው የለም።

ስለዚህ በዚህ ዓመታዊ መጽሔት ለሚጽፉ ተመራማሪዎች የማቀርበው ሐሳብ ቀላል ነው። በሆሞሻ፣ በመንጌ፣ በሸርቆሌ፣ በባምባሲና በኩርሙክ ወረዳዎች ያሉ ኸልዋዎች የትኞቹን ኪታቦች እንደሚያስተምሩ፣ ሰነዳቸው ወደ የትኛው የሱዳን ፈኪ እንደሚወጣ፣ በየቤቱ የሚገኙ የእጅ ጽሑፎችም ምን እንደሆኑ በየአገሩ ተለይቶ ይመዝገብ። ቃለ መጠይቁ በአማርኛ ብቻ አይሁን፤ በሩጣና፣ ማለትም በበርታ ቋንቋና በሱዳን ዐረብኛ የሚጠይቅ ሰው ያስፈልጋል። የባሮች ልጆች ልጆችም ከሼኾች ልጆች ልጆች እኩል ይጠየቁ። ጊዜው ይሄዳል፤ በሚያዝያ 2023 የሱዳን ጦርነት ከተነሣ ወዲህ በኩርሙክ በኩል ስደተኛ እየገባ ነው፤ የሰናርና የካርቱም ኸልዋዎችን የሚያስታውሱ ሽማግሌዎች ድንበሩን ከሚሻገሩት መካከል መሆናቸው አይቀርም። ጥያቄውን በቤላ ሻንጉል ምድር የሚጀምር ሰው ደግሞ አስቀድሞ ወደ መንጌ ሄዶ ዐለቱ የቱ እንደ ሆነ ቢጠይቅ ይበጃል።