በስባሽ ፕላስቲክን በካርቦን ናኖቲዩብና በቃጫ ስለ ማጠንከር

የጭቃ ቤት ሲመረግ ጭቃው ከጤፍ ጭድ ጋር እንደሚቦካ የታወቀ ነው። ብቻውን የተመረገ ጭቃ ሲደርቅ ይሰነጣጠቃል፤ ጭድ የገባበት ግን ስንጥቁ ሊሰፋ ሲል ጭዱ ከሁለቱም ወገን ይዞ ስለሚገታው ጸንቶ ይቆያል።

ይኸው ሕግ ለበስባሽ ፕላስቲክም ይሠራል። ከነዚህ አንዱ ፖሊላክቲክ አሲድ ነው። የሸንኮራ አገዳ ወይም የበቆሎ ስኳር በባክቴሪያ ተብላልቶ ላክቲክ አሲድ ይሆናል፤ የአሲዱ ሞለኪዩሎች በረጅም ሰንሰለት ሲቀጣጠሉ ፕላስቲኩ ይገኛል። በታችኛው ኦሞ ሸለቆ የኩራዝ ስኳር ልማት በ2003 ዓ.ም. የተጀመረ በመሆኑ ጥሬ ዕቃው ለደቡብ ኦሞ ተማሪ እንግዳ አይደለም። የፕላስቲኩ ጉድለት ተሰባሪነቱና በ60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ መለስለሱ ነው።

ለተሰባሪነቱ ከተሞከሩት መፍትሔዎች አንዱ ካርቦን ናኖቲዩብ ነው። ጃፓናዊው ሱሚዮ ኢጂማ በ1991 እ.ኤ.አ. ባወጣው ጽሑፍ በሰፊው የታወቀው ይህ ቱቦ፣ የካርቦን አቶሞች እንደ ተጠቀለለ ወንፊት ተያይዘው የሚሠሩት ነው። ውፍረቱ ከሰው ጠጉር በብዙ ሺህ ጊዜ ያነሰ፣ ጥንካሬው ግን ከብረት የበለጠ ነው። ከመቶ 1 እጅ ያህሉ እንኳ ፕላስቲኩን ሊያጠነክር ይችላል። ይሁን እንጂ ቱቦዎቹ ተሳስበው ከተቋጠሩ ቋጠሮው የመሰበሪያ ቦታ ይሆናል። ስለዚህ ከብዛቱ ይልቅ አበታተኑ ይወስናል።

ሁለተኛው መፍትሔ ቃጫ ነው። በጂንካ ዙሪያ የአሪ ገበሬዎች እንሰት ያለማሉ፤ እንሰቱ ሲፋቅም ቃጫ ይገኛል። ቃጫ በብዛት መግባት ያለበትና እርጥበት የሚስብ ቢሆንም፣ ከፕላስቲኩ ጋር አብሮ ይበሰብሳል። ናኖቲዩብ ግን ፕላስቲኩ ካለቀ በኋላ በአፈር ሊቀር ይችላል፤ አንዳንዱ ዓይነትም በትንፋሽ ሲገባ ሳንባን እንደሚጎዳ በቤተ ሙከራ እንስሳት ላይ ታይቷል። ከዚህም የተነሣ፣ እንደ ችግኝ ከረጢት ላሉ አፈር ውስጥ ለሚቀሩ ዕቃዎች ዕቅድ አውጪው ቃጫን ቢያስቀድም ይመረጣል።

መምህሩ ሕጉን ያለ ቤተ ሙከራ ሊያሳይ ይችላል። ተማሪዎች ሦስት ጡቦች ይሥሩ፤ አንዱ ከጭቃ ብቻ፣ ሁለተኛው ጭዱ በአንድ ስፍራ የታጨቀበት፣ ሦስተኛው ጭዱ በእኩል የተበተነበት ይሁን። ከደረቁ በኋላ በሁለት ድንጋዮች ላይ አጋድመው እስኪሰበሩ ድረስ ሸክም ይጨምሩባቸው፤ የየትኛው ጡብ ስብራት ከየት እንደ ጀመረም ይመዝግቡ።