የጉበት ትል ከገና ሙክት ጋር እኩል ይደልባል

ክረምቱ ወጥቶ መንገድ ሲደርቅ ለገና ሙክት የሚያዘጋጁ አድላቢዎች የፋርጣ በግ ፍለጋ ደብረ ታቦርና አካባቢዋ ገበያዎች ላይ ይሰማራሉ። መስከረም 29 የተገዛ በግ የተለመደውን የ90 ቀን ቀለብ በልቶ ልክ ታኅሣሥ 29 ይደርሳል። ችግሩ፣ ከበጉ ጋር አብሮ የሚገዛው የጉበት ትልም ለመጎልመስ ከ10 እስከ 12 ሳምንት የሚፈልግ መሆኑ ነው። የኑግ ፋጉሎውንና ፉርሽካውን ሁለቱም ይካፈሉታል።

ትሉ ረግረግ ውስጥ በሚኖር ትንሽ ቀንድ አውጣ ገላ አድጎ ሳር ላይ ይለጠፋል። ከጉና ተራራ ግርጌ ያለው ጨፌም ሆነ ርብና ጉማራ የሚያጥለቀልቁት የፎገራ ሜዳ ለዚህ የተመቹ ናቸው።

ደላላው ጥርስ አይቶ፣ ወገብና ላት ዳብሶ ዋጋ ይቆርጣል። ጮርቃው ትል ግን አብዛኛውን ጊዜ ምልክት አይሰጥም። የዐይን ሽፋን መንጣት፣ ከመንጋጋ ሥር ማበጥና መክሳት የሚከተሉት ቀለቡ ካለቀ በኋላ ነው። ብዙውን ጊዜ ጉዳዩን የሚደርስበት የመጨረሻው ገዢ ሲሆን፣ ያውም ለዱለት ያሰበውን ጉበት ሲከፍት ነው።

አብዛኛው አድላቢ መድኃኒት አይሰጥም ማለት አይደለም። አልቤንዳዞል ይሰጣል፤ ይኸው መድኃኒት ግን የሚገድለው የጎለመሰውን የጉበት ትል ብቻ ነው። አይቨርሜክቲን ደግሞ ጨርሶ አይነካውም። ጮርቃውንም የሚገድለው ትሪክላቤንዳዞል ሲሆን፣ በግዢው ሰሞን በበጉ ክብደት ልክ ተሰጥቶ በጉ ወደ ረግረጉ ካልተመለሰ ሒሳቡ ይስተካከላል።

አዲስ ገቢውን ለሁለትና ሦስት ሳምንት ለብቻ ማቆየቱ ሌላ ምክንያት አለው። የጉበት ትል ከበግ ወደ በግ በቀጥታ አይተላለፍም፤ እከክ፣ ፈንጣጣና የሳንባ ምች ግን ጉረኖውን ያዳርሳሉ። ሳዑዲ ዓረቢያ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2000 በስምጥ ሸለቆ ትኩሳት ሳቢያ የአፍሪካ ቀንድን ከብት ካገደች ወዲህ ላኪዎች የኳራንቲንን ዋጋ አሳምረው ያውቁታል። በሙክት ንግድ ግን ይህን የሚሠራ ከተገኘ ገዢው ራሱ ነው።

መድኃኒቱ ከሥጋው እስኪወጣ ሳምንታት ስለሚፈጅ ታኅሣሥ ላይ ማሳከም አይቻልም። ገና ያለፈው ሙክት ደግሞ ዐቢይ ጾምን በባለቤቱ ቀለብ ተሻግሮ ፋሲካን ይጠብቃል።