ሩጫና ፊደል በኢጣሊያ ቴሌቪዥን

ሳንጃም ኑር አዲስ አበባ፣ አበበ ቢቂላ ሮማ ላይ በባዶ እግሩ ሮጦ ማሸነፉን ሳትሰማ አላደግህም። ያን ምሽት ጨዋታውን በቴሌቪዥን ይከታተል የነበረው ግን ማን እንደ ሆነ አስበህ ታውቃለህን?

ቀኑ ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም.፣ የእንቁጣጣሽ ዋዜማ ነበር። አበበ 42 ኪሎ ሜትሩን በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሴኮንድ ፈጽሞ፣ ችቦ በበራበት መንገድ ቆስጠንጢኖስ ቅስት ደረሰ። በ1946 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የኢጣሊያ ቴሌቪዥን ኦሊምፒኩን ለአውሮጳ በቀጥታ ያሳይ ነበር። የአበበ አገር ግን ቴሌቪዥን ያገኘችው በ1957 ዓ.ም. ነው።

ከሁለት ወር በኋላ፣ ኅዳር 6 ቀን 1953 ዓ.ም.፣ ያው ጣቢያ ሌላ ሥራ ጀመረ። አልቤርቶ ማንዚ የተባለ መምህር በትልልቅ ወረቀት ላይ በከሰል እየሣለ፣ ላልተማሩ ጎልማሶች ፊደል ያስቆጥር ጀመር። የፕሮግራሙ ስም ትርጓሜ «መቼም ቢሆን አልረፈደም» ማለት ነው፤ እስከ 1960 ዓ.ም. ዘለቀ። ቴሌቪዥን የሌላቸውም በአንድ ቤት ተሰብስበው ይማሩ ነበር።

እንግዲህ ሩጫው በአንድ ምሽት አስደንቆ አለፈ፤ ፊደሉ ግን ከሰው ጋር ቀረ። አንተስ ከቤትህ ያልተማረ ሰው የለምን? ቴሌቪዥን ባይኖርህ እንኳ ከሰልና ወረቀት አታጣም።