ከዲላ እስከ ቡሌ፦ ስሊፒንግ ባግ ስትገዙ የትኛውን ቁጥር ነው የምታዩት?

ዲላ ላይ በቲሸርት ያመሸ ሰው፣ በማግስቱ ቡሌ ላይ ድንኳን ውስጥ ጥርሱ እየተንቀጫቀጨ ሊያነጋ ይችላል። ሁለቱም ጌዴኦ ዞን ናቸው፤ ልዩነቱ ከፍታው ነው።

የጌዴኦ ባህላዊ መልክዓ ምድር እ.ኤ.አ. በ2023 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። «እስቲ ድንኳን ይዘን እንውጣ፣ አገራችንን እንይ» የምትሉ ከሆነ፣ ገንዘባችሁን ስሊፒንግ ባግ ላይ ከማፍሰሳችሁ በፊት ይህችን አንብቡ። ነገሩ የምቾት ብቻ አይደለም፤ ብርድ ይገድላል፣ ከብርድ ለማምለጥ የሚደረግ ስህተትም እንደዚያው።

📌 መጀመሪያ ከፍታውን እወቁ

ዲላ ከባሕር ወለል በላይ 1,570 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ቡሌ ከእሷ ከ1,000 ሜትር በላይ ከፍ ትላለች። 1,000 ሜትር በወጣችሁ ቁጥር ደግሞ አየሩ በአማካይ 6.5 ዲግሪ ያህል ይቀዘቅዛል። ስለዚህ ዲላ ሌሊቱን 13 ዲግሪ ከሆነች፣ ቡሌ 6 ወይም ከዚያ በታች ልትሆን ትችላለች። በዚሁ ስሌት 4,000 ሜትር ላይ ያለው የባሌው ሰነቴ ከዜሮ በታች 3 ይደርሳል።

ስልካችሁ ላይ ያለው የአየር ሁኔታ አፕ የሚያሳያችሁ የከተማውን ነው። እናንተ ግን የምትተኙት ተራራው ላይ ነው። የምታድሩበትን ቦታ ከፍታ አጣሩና ራሳችሁ አስሉት።

ሌላው ደግሞ ወቅቱ ነው። ከኅዳር እስከ ጥር ባለው ጊዜ ቀኑ ፀሐይ ስለሆነ ብቻ አትሸወዱ። ሰማዩ ጥርት ሲል ምድር ቀን የሰበሰበችው ሙቀት ሌሊት በቀላሉ ያመልጣል። ደጋ ላይ ውርጭ የሚወርደውም ለዚህ ነው።

📌 ሦስቱ ቁጥሮች

ስሊፒንግ ባግ ሙቀት አያመርትም። የእናንተን የሰውነት ሙቀት ይዞ ማቆየት ብቻ ነው ሥራው። ምን ያህል ይዞ እንደሚያቆይ አይኤስኦ 23537 በሚባል ዓለም አቀፍ ደረጃ ይለካል። የሰው ቅርጽ ያለው የሚሞቅ አሻንጉሊት ስስ ልብስ ለብሶ፣ ከሥሩ ማት ተነጥፎለት፣ ቀዝቃዛ ክፍል ውስጥ ይፈተናል። ውጤቱ መለያው ላይ በሦስት ቁጥር ይጻፋል፦

👉 ኮምፈርት፦ አንዲት ሴት ዘና ብላ ሳይበርዳት የምትተኛበት
👉 ሊሚት፦ አንድ ወንድ ጥቅልል ብሎ 8 ሰዓት የሚችለው የመጨረሻ ብርድ
👉 ኤክስትሪም፦ አንዲት ሴት ለ6 ሰዓት በሕይወት ልትቆይ የምትችልበት፣ ግን ለጉዳት የምትጋለጥበት

ነጋዴው «ይሄ እኮ ከዜሮ በታች 10 ይችላል!» ሲላችሁ ብዙ ጊዜ ኤክስትሪሙን እያነበበላችሁ ነው። ያ የእንቅልፍ ቁጥር አይደለም፤ የመትረፍ ቁጥር ነው። እናንተ ኮምፈርትን እዩ። ከምትጠብቁት ብርድ 5 ዲግሪ ዝቅ ያለውን ብትገዙ ደግሞ የተሻለ ነው። ቶሎ የሚበርደው ሰው፣ የደከመውና ሳይበላ የተኛው ይሄ ትርፍ ያስፈልገዋል።

📌 ለየት ላለ ቦታ የትኛው?

✅ ቆላ (የአባያ ሐይቅ ዙሪያ፣ አርባ ምንጭ፣ አዋሽ)፦ ኮምፈርቱ 15 ገደማ የሆነ ስስ ባግ ወይም አንድ ጋቢ ይበቃል። እዚህ ከባጉ ይልቅ የወባ አጎበር ነው የሚያስፈልጋችሁ።
✅ ወይና ደጋ (ዲላ፣ ወናጎ፣ ይርጋጨፌ)፦ ኮምፈርት ከ5 እስከ 10።
✅ ደጋ (ቡሌና አካባቢው)፦ ኮምፈርት ከ0 እስከ 5። ቡሉኮ ካላችሁ ከላይ ደርቡበት፤ ባጉን እስካልተጫነ ድረስ የአያቶቻችን ቡሉኮ አሁንም ይሠራል።
✅ ውርጭ (ሰነቴ፣ ሰሜን ተራሮች)፦ ኮምፈርት ከዜሮ በታች 5 ወይም ከዚያ የወረደ፣ ኮፍያ ያለው፣ እግሩ ጋ የሚጠብ።

ለአደን የሚወጣ ሰው ካለ፣ በአገራችን ያለ ፈቃድ ማደን ወንጀል መሆኑ መጀመሪያ ይታወቅ። ፈቃድ ይዘው ደጋ አጋዘን ወደሚገኝባቸው የአርሲና የባሌ ተራሮች የሚሄዱት ከውርጩ ምድብ ቢያስቡ ይሻላል። አዳኝ ዳገቱን ሲወጣ ያልበዋል፣ ከዚያ ሰዓታት ሳይንቀሳቀስ ይቀመጣል። በዚያ እርጥብ ልብስ ባጉ ውስጥ መግባት ብርድን ይዞ መግባት ነው። ለመኝታ ብቻ የሚሆን ደረቅ ልብስና ካልሲ ለብቻ በፌስታል ቋጥራችሁ ያዙ።

📌 ከሥራችሁ ያለውን አትርሱ

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው። ስትተኙበት ከሥራችሁ ያለው የባጉ ሙሌት ይጨፈለቃል፤ አየር ካልያዘ ደግሞ አያሞቅም። መሬቱ ሙቀታችሁን ይመጠዋል። ውድ ባግ ገዝቶ ባዶ መሬት ላይ ከመተኛት፣ መካከለኛ ባግ ገዝቶ ጥሩ ማት ማንጠፍ ይበልጣል። ማት ከሌላችሁ የደረቀ የእንሰት ቅጠል ወፈር አድርጋችሁ አንጥፉ። ጌዴኦ ውስጥ እሱ አይጠፋም።

📌 ላባ ወይስ ፖሊስተር?

የዳክዬ ወይም የዝይ ላባ የተሞላው ቀላል ነው፣ ይሞቃል፣ ተጣጥፎ ትንሽ ቦታ ይይዛል። ግን ውድ ነው፤ ከረጠበ ደግሞ ተጣብቆ ሙቀት መያዝ ያቆማል። ፖሊስተር የተሞላው ከበድ ይላል፣ ቢረጥብም ግን ሙሉ በሙሉ አይከዳችሁም። እንደ ጌዴኦ ዝናብና ጉም ለሚበዛበት አገር የእኛ ምርጫ ፖሊስተሩ ነው።

📌 ከሳልቫጅ የምትገዙ ከሆነ

መለያው ተቀዶ ሊሆን ይችላል፤ ስለዚህ እጃችሁ ይፈትን። ዘርግታችሁ ጨበጥ አድርጉትና ልቀቁት፤ ቶሎ ካልተነፋ ሙሌቱ ሞቷል። ወደ ብርሃን አንሡት፤ ብርሃን የሚያሳልፍ ባዶ ቦታ ካለ ብርድ የሚገባው በዚያ ነው። ዚፑን ከላይ እስከ ታች ደጋግማችሁ ሞክሩ፤ ከዚፑ ኋላ ንፋስ የሚከልል ወፍራም ጨርቅ መኖሩንም እዩ። እዚያው ገብታችሁ ተኙበት፤ እግራችሁ ጫፉን ከገፋው ያጥራል። መለያ የሌለውን ባግ ደግሞ ተራራ ይዛችሁ ከመውጣታችሁ በፊት አንድ ሌሊት ግቢያችሁ ውስጥ እደሩበት።

⚠️ እነዚህን ሦስቱን አደራ

1. ከሰል ድንኳን ውስጥ አታስገቡ። «ትንሽ ፍም ነው፣ ጭስ የለውም» አይሠራም። ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም፤ እንደተኙ ይገድላል። በፍም ፈንታ የፈላ ውኃ በደንብ በሚዘጋ ኮዳ ሞልታችሁ፣ በካልሲ ጠቅልላችሁ እግራችሁ ጋ አድርጉት።

2. አረቄ አያሞቅም። ደሙን ወደ ቆዳ ስለሚያወጣው የሞቃችሁ ይመስላችኋል፤ ሰውነታችሁ ግን ሙቀቱን እያጣ ነው። ከመተኛታችሁ በፊት ትኩስ ምግብ ብሉ።

3. ጓደኛችሁን እዩት። በጣም የሚንቀጠቀጥ፣ ንግግሩ የሚተሳሰር፣ የሚደናገር ሰው የሰውነቱ ሙቀት ከ35 ዲግሪ በታች እየወረደ ሊሆን ይችላል። ብርዱ ሳይለቀው መንቀጥቀጡን ካቆመ ተሻለው ማለት አይደለም፤ ባሰበት ማለት ነው። እርጥብ ልብሱን አውልቁለት፣ በደረቅ ነገር ጠቅልሉት፣ ከመሬት ለዩት። ነቅቶ መዋጥ ከቻለ ትኩስ ጣፋጭ ሻይ ስጡት፣ ከዚያ ሳትዘገዩ ወደ ጤና ተቋም።

አብሯችሁ ድንኳን ለሚተክለው ጓደኛችሁ ሼር አድርጉለት። ቡሌ አድራችሁ የምታውቁ ደግሞ ሌሊቱን በምን እንደተቋቋማችሁት ኮሜንት ላይ ጻፉልን።