ኮሪያ ለእኛ ምናችን ናት?

ዛሬ ስለ ቃኘው ሻለቃ ላስረዳችሁ ነው።

መምህራችን ኢትዮጵያውያን ወታደሮች ኮሪያ ሄደው እንደተዋጉ ሲነግሩን እጄን አወጣሁና «ኮሪያ ለእኛ ምናችን ናት?» ብዬ ጠየቅኩ። ልጆቹ ሳቁብኝ። መምህራችን ግን «መልሱን ፈልገህ በመጽሔቱ ጻፈው» አሉኝ። ያገኘሁት ይኸውላችሁ።

በ1928 ዓ.ም ጣሊያን አገራችንን ሲወር ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ጄኔቫ ድረስ ሄደው ለመንግሥታት ማኅበር አቤት አሉ። የደረሰልን ግን የለም። አርበኞቻችን ብቻቸውን ተዋጉ። የእኛው የዋጉ ደጃዝማች ኃይሉ ከበደንም የገደላቸው ይኸው ጠላት ነው።

በሰኔ 1942 ዓ.ም ደግሞ ሰሜን ኮሪያ ደቡብ ኮሪያን ወረረች። የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት እርዳታ ሲጠይቅ ንጉሡ እሺ አሉ። እኛ ያኔ ብቻችንን ስለቀረን ሌላው አገር እንደዚያ እንዳይሆን ነው።

ወታደሮቹ የተመረጡት ከክቡር ዘበኛ ነው። ቃኘው የራስ መኮንን ፈረስ ስም ነበር። የመጀመሪያው ሻለቃ በሚያዝያ 1943 ዓ.ም ከአዲስ አበባ ተነስቶ ከጅቡቲ በመርከብ ሄደ። ባሕር ላይ 3 ሳምንት ያህል ቆዩ። እዚያ ብርዱ ራሱ ጠላት ነው። የእኛ ደጋ ውርጭ ፀሐይ ስትወጣ ይጠፋል፤ የኮሪያ በረዶ ግን ተራራውን ሸፍኖ ይሰነብታል።

እየተተካኩ ከ6,000 በላይ ኢትዮጵያውያን ዘመቱ። ከ120 በላይ ሞቱ፣ ከ500 በላይ ቆሰሉ። አንድም ሰው ግን አልተማረከም! ወላጅ ለሞተባቸው የኮሪያ ልጆችም ማሳደጊያ ከፈቱ።

ጦር የላኩት 16 አገሮች ናቸው። ካናዳ ብቻዋን ከ26,000 በላይ ሰው ልካለች። ካናዳውያን በየዓመቱ ህዳር መጀመሪያ ላይ ደረታቸው ላይ ቀይ አበባ አድርገው ወታደሮቻቸውን ያስባሉ። የእኛዎቹ ግን በደርግ ጊዜ መንግሥት ከሰሜን ኮሪያ ጋር ስለተወዳጀ ተረሱ። አሁን አዲስ አበባ አፍንጮ በር ላይ መታሰቢያ አላቸው። በኮሪያም ቹንቾን ከተማ የኢትዮጵያ መታሰቢያ አለ።

እኔ አሁን ጥያቄዬ መልስ አግኝቷል። አንድ ነገር ግን አሳፈረኝ። በየሰፈራችን ወታደር የነበሩ አያቶች ሲያወሩ «ደሞ ጀመሩ» ብለን ጥለናቸው እንሄዳለን እኮ። የቃኘው ዘማቾች አብዛኞቹ አርፈዋል፤ አሁን ልጠይቃቸው ብል አይገኙም። ስለዚህ ጓደኞቼ፣ አያቶቻችሁን ዛሬውኑ ጠይቁ፣ ደብተር ላይም ጻፉት። የጻፋችሁትን ለክበባችን ስጡን፤ በሚቀጥለው መጽሔት እናወጣዋለን።

ሰላም ሁኑ!