የጀማሪ የመድን ወኪል ስንቅና ቅደም ተከተል፦ ከፎገራ ሜዳ አንጻር



ስለ መድን በምናጠናበት ጊዜ ትኩረታችን በአብዛኛው በሕጉ፣ በአረቦን ስሌትና በመጠባበቂያ ሒሳብ ላይ ነው። የዛሬው ገለጻዬ ግን እነዚህን ሁሉ ከገበሬው ደጅ ስለሚያደርሰው ሰው፣ ማለትም ስለ መድን ወኪል ነው። ጀማሪ ወኪል ወደ መስክ ሲወጣ ምን ይያዝ? ምንስ ያስቀድም?

ለምሳሌነት የመረጥኩት በፎገራ ወረዳ፣ በወረታ ከተማ አቅራቢያ የሚገኘውን ቁሐር ሚካኤልን ነው። ርብና ጉማራ የፎገራን ሜዳ አቋርጠው ወደ ጣና ይገባሉ። በዚህ ሜዳ ማሳ ላይ የሚተኛ ውኃ ለሩዝ ሕይወት ነው፤ ልኩን ሲያልፍ ግን ሰብሉን ያጠፋል፣ ከብቱንም ያለ ግጦሽ ያስቀራል። በ1998 ዓ.ም. ክረምት የደረሰው ጎርፍ በርካታ የወረዳውን ነዋሪዎች ከቀያቸው አፈናቅሏል። ስለዚህ ገበሬው ስጋት ምን እንደሆነ ከወኪሉ መማር አያስፈልገውም። ሊነገረው የሚገባው፣ የቀረበለት ውል የትኛውን ስጋት እንደሚሸፍንና የትኛውን እንደማይሸፍን ነው።

በአገራችን ለአነስተኛ ገበሬዎች የቀረበው የሰብል መድን በአመዛኙ በጠቋሚ ላይ የተመሠረተ ነው። እ.ኤ.አ. በ2009 በትግራይ አዲ ሐ የተጀመረው የጤፍ መድን ከቀደምቶቹ አንዱ ሲሆን፣ ጥሬ ገንዘብ የሌላቸው ገበሬዎች አረቦኑን በጉልበት ሥራ እንዲከፍሉ መፍቀዱ ይታወሳል። በዚህ ዓይነቱ መድን ገማች ከማሳ ማሳ አይዞርም፤ በሳተላይት የተለካው ዝናብ ወይም የዕፅዋት ልምላሜ ከተወሰነው መጠን ሲያንስ ካሳ ይከፈላል። ወጪው የሚቀንሰውም በዚህ ምክንያት ነው። ነገር ግን ድርቅን ብቻ የሚለካ ጠቋሚ፣ ጎርፍ ማሳውን ቢወስደው ምንም አይከፍልም። ይህን ሳይናገር የሸጠ ወኪል የፈረመለትን ሰው ብቻ ሳይሆን ከጎረቤት እስከ ጎረቤት ያለውን እምነት ያጣል። ገበሬው መድኑን የሚያወዳድረው ከሚያውቀው እድር ጋር ነውና። እድር ሐዘን በደረሰ ዕለት ድንኳኑን ይተክላል፤ ደንቡንም አባሉ ሁሉ ያውቀዋል።

ወደ ስንቁ እንለፍ። በመድን ሥራ አዋጅ ቁጥር 746/2004 መሠረት ወኪልነት ከብሔራዊ ባንክ ፈቃድ ይጠይቃል፤ ስለዚህ ፈቃዱና መታወቂያው ከሁሉ ይቀድማሉ። ቀጥሎ የማመልከቻ ቅጽ፣ ተራ ቁጥር ያለው ደረሰኝ፣ በአማርኛ የተጻፈ የውል ናሙና፣ ለጣት አሻራ የሚሆን ቀለም፣ ማስታወሻ ደብተርና ባትሪው የሞላ ስልክ ያስፈልጋሉ። በክረምት የፎገራ ዋልካ ጫማ ይነጥቃል፤ የጎማ ቦት ጫማና ሰነድ መጠቅለያ ላስቲክ እንደ ቅንጦት አይታዩ። የረጠበ ቅጽ ነገ የካሳ ክርክር ሊያስነሳ ይችላል።

ቅደም ተከተሉን በሦስት ልክፈለው። አንደኛ፣ ወኪሉ ውሉ የማይሸፍነውን አስቀድሞ ይናገር። ማንበብ ለማይችል ሰው ቅጹን ከሞላለት በኋላም ጮክ ብሎ ያንብብለት። የ1952ቱ የንግድ ሕግ መድን ገቢው የሚያውቀውን እውነት እንዲያስታውቅ ያስገድዳል፤ ሆን ተብሎ የተደበቀ ነገር ውሉን ሊያፈርስ ይችላል። ወኪሉ በችኮላ የጻፈው ስሕተት ዞሮ የሚጎዳው ገበሬውን ነው።

ሁለተኛ፣ የገበሬውን የዘመን አቆጣጠር ይከተል። የሚካኤል ዓመታዊ በዓላት ኅዳር 12 እና ሰኔ 12 ቀን ይውላሉ። የመጀመሪያው በሩዝ አጨዳ ወራት፣ ሁለተኛው በዘር ወቅት ላይ ያርፋል። ገንዘብ በገበሬው እጅ የሚገኘው አጨዳውን ተከትሎ ሲሆን፣ ውሉ መታሰር ያለበት ግን ከዘር በፊት ነው። በሰኔ ብቻ ብቅ የሚል ወኪል ባዶ ኪስ ያገኛል። ማስረዳቱ ከኅዳር ይጀምር፤ ክፍያውም ገንዘቡ ሳያልቅ ይታሰብ።

ሦስተኛ፣ ጉዳት በደረሰ ጊዜ ይገኝ። ካሳ በሚከፈልበት ቀን ብቻ ሳይሆን፣ በማይከፈልበትም ቀን ሄዶ ምክንያቱን ያስረዳ።

እዚህ ላይ ለእኛ ለተመራማሪዎች የሚቀር ጥያቄ አለ። የወኪሉ ኮሚሽን የሚታሰበው ከአረቦን ነው፤ ያልተሸጠ ውል እንጀራ አያበላውም። ስለዚህ እውነቱን የሚናገር ወኪል በመጀመሪያው ዓመት ገቢው ሊያንስ ይችላል። ይህን ሸክም ለግለሰቡ ሕሊና ብቻ መተው ተገቢ አይመስለኝም። መድን ሰጪዎች ወኪሎቻቸውን በአዲስ ፊርማ ብዛት ሳይሆን በሁለተኛውና በሦስተኛው ዓመት በታደሱ ውሎች ቢመዝኑ፣ የሐቀኝነት ዋጋ በወኪሉም ኪስ ውስጥ ይታያል።